የትኛው ይሻልሻል

ጠዋት ኸሊል ለእህቱ ለሪሐና ሻይ ቀዳላት። ነገሩ እንዲህ ሲወራ ምንም አይመስልም፤ ወንድም ለእህቱ ሻይ ቢቀዳ ምን ይገርማል? ኸሊልን ለሚያውቅ ሰው ግን ይገርማል። ሪሐና ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ታላቅ ወንድሟ ብርጭቆ ሲያነሳ ያየችው ሊጠጣበት ብቻ ነው፤ ጠጥቶ ሲጨርስም እግሩ ሥር ያስቀምጠውና አንድ ሰው መጥቶ እስኪያነሳለት ድረስ ዞር ብሎም አያየው። ዛሬ ሸደር ስደተኞች ጣቢያ ከሚሠራበት የእርዳታ ድርጅት ፈቃድ ወስዶ በማለዳ መጣ፤ ቡታጋዙን ራሱ ለኮሰ፣ ስኳር በኪሎ ስንት እንደገባ የማያውቅ ሰው ነውና ስኳሩን ያለ ርኅራኄ ጨመረበት፣ የግመል ወተትም ጠብ አደረገበት። ከዚያ ብርጭቆውን የስፌት ማሽኗ ጠርዝ ላይ አስቀመጠላትና ደንበኞቿ የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "ሪሐና፣ ብሎክቼይን የሚባለውን ነገር ታውቂዋለሽ?" አላት።

ሪሐና መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሏት ክው አለች። የሞተ ሰው እንደሌለ ሲገባት ደግሞ ደስ አላት፤ ትናንት ከመጋረጃው ወዲያ የሰማችውን ባትሰማ ኖሮ የበለጠ ደስ ባላት ነበር። ትናንት ሁለቱ ወንድሞቿ ጫታቸውን ይዘው ሲከራከሩ ታናሽየው ሙሐመድአሚን፣ "እሷን ማስረዳት ትርፉ ድካም ነው፣ አይገባትም" ሲል ኸሊል ደግሞ፣ "አይግባት እንጂ ያለሷ ድርሻ ማናችንም አንበልጥም" ብሎ ነበር። አባታቸው ዓምና ሲሞቱ የተዉላቸው ይህንኑ የጅግጅጋውን ቤት ነው። በሸሪዓው ከአምስት እጅ ሁለቱ የኸሊል፣ ሁለቱ የሙሐመድአሚን፣ አንዷ እጅ የሪሐና ናት። ወንድማማቾቹ የቤቱን ገንዘብ ክሪፕቶ በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ላይ እናውለው በሚለው ተስማምተው በየትኛው ክሪፕቶ ላይ በሚለው ተጣሉ። ዶላሩን የሚለውጥላቸው የቶጎጫሌ ሰውዬ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም አንድ ዓይነት ብቻ እለውጣለሁ፣ ከዚያ አላውቃችሁም ብሏቸዋል። ሁለት ለሁለት ሆነው ተፋጠጡና እስከ ትናንት ማንንም ትዝ ያላለችው አንዷ እጅ ዛሬ ሻይ ተቀዳላት።

ኸሊል ሲያስረዳ የቢሮ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ጣቱን እየቆጠረ ነው። ብሎክቼይን ማለት ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚይዘው፣ ማንም ብቻውን ሊሰርዘው የማይችል የሒሳብ መዝገብ ነው አላት። እስከዚህ ገባት። ችግሩ መዝገቦቹ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም፤ የእኛ ብር ከቶጎጫሌ ኬላ ወዲያ እንደልብ እንደማይሠራው ሁሉ የአንዱ ገንዘብ ሌላው ጋ አይሠራም። ይህም ገባት። ስለዚህ እነሱን የሚያገናኙ ኔትወርኮች ተፈጠሩ፤ ወደፊት ሀብት የሚገኘው ከመዝገቦቹ ሳይሆን ከአገናኞቹ ነው። እሱ የመረጠው ኔትወርክ እንደ አንድ ትልቅ ግቢ ነው፤ ብሎክቼይኖቹ ግቢው ውስጥ ክፍል ይከራያሉ፣ ጥበቃው የሁሉም ነው፣ በግቢው ውስጥ ሲላላኩ ስጋት የለባቸውም። "ዘበኛው ቢተኛስ?" አለች ሪሐና፣ የራሷን ሰፈር ዘበኛ አስባ። ኸሊል ደስ አለው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው አላት። ጠባቂዎቹ ብዙ ናቸው፣ የየራሳቸውን ገንዘብ አስይዘው ነው የሚጠብቁት፣ ካጭበረበሩ ያስያዙት ይወረስባቸዋል። አንቺም የኔትወርኩን ሳንቲም ገዝተሽ ለጥበቃው ታስይዣለሽ፣ በዓመት ከመቶ አሥር ምናምን ይጨመርልሻል አላት።

"ወለድ ነው?"

"ወለድ አይደለም። የጥበቃ ደሞዝ በይው።"

"እኔ መቼ ጠበቅሁ?"

ኸሊል ትንፋሽ ወሰደና ከመጀመሪያው ጀመረላት። ሁለተኛውን ጊዜ ስትሰማው ቅድም የገባት ሁሉ ወጣባት። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ከጣፋጭነቱ የተነሳ ከንፈሯ ተጣበቀ። ሲነሳ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ "ሙሐመድአሚን መጥቶ ሌላ ይነግርሻል፤ እስኪ አመዛዝኚና የትኛው እንደሚሻልሽ ንገሪን። ከዐስር ሶላት በኋላ ያቺ ያልኩሽ ሴትዮ ቤቱን ልታይ ትመጣለች" ብሎ ወጣ። ብርጭቆውን አላነሳም፤ እስከዚያ ድረስስ አይጠበቅም።

ሙሐመድአሚን የመጣው ከዙሁር ሶላት በፊት ነው፤ ገበያው አጠገብ ያለችውን የሞባይል መጠገኛውን ዘግቶ፣ አራት ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ። እሱም ቢሆን እህቱ ጋ ባዶ እጁን መምጣት እንጂ ይዞ መምጣት ልማዱ አይደለም። ሪሐና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልትቆርጥ ሰማያዊውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ነበርና ጠመኔውን ከእጇ ወስዶ ጨርቁ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ሣለባት። የኸሊል ነገር ግቢ ነው አይደል? የኔ ግን ግቢ የለውም፤ እያንዳንዱ ብሎክቼይን በየራሱ ቤት፣ በየራሱ በርና በየራሱ ዘበኛ ነው፣ ለማንም ኪራይ አይከፍልም አላት። የሚያገናኛቸው የተስማሙበት የመላላኪያ ደንብ ነው፤ መልእክተኛው የታሸገ ደብዳቤ ያደርሳል፣ ተቀባዩ ማኅተሙን ራሱ መርምሮ ይቀበላል። "ሐዋላ አታውቂም? እዚህ ብር ትሰጫለሽ፣ ሀርጌሳ ላይ ሌላ ሰው ይቀበላል፤ የሰጠሽው ብር ግን ኬላውን አላለፈም።"

ሪሐና ተነቃቃች። ሐዋላማ ታውቃለች፤ አባቷ በግና ፍየል ሲነግዱ የኖሩት በሐዋላ ነው። ስልክ ይደወላል፣ እገሌ የእገሌ ልጅ ነው ይባላል፣ ገንዘቡ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ። "እንዲህ በለኝ እንጂ! ታዲያ መሃል ላይ ቢጠፋ ማንን ነው የምጠይቀው?" አለችው።

"ማንንም። ሰው የለበትም እኮ ሪሑ፣ ውበቱ እሱ ነው።"

እዚህ ላይ ነገሩ ዞረባት። ሐዋላ ነው አላት፣ ወዲያው ደግሞ የሐዋላን ዋናውን ነገር፣ ሰውየውን አወጣበት። ሙሐመድአሚን ግን አልታወቀውም፤ ሳምቡሳውን እያላመጠ የኸሊልን ኔትወርክ ማብጠልጠል ቀጠለ። ግቢው ሰፊ ነው ግን ተከራይ የለውም፤ ዘበኛ ብቻ በዝቶ፣ ለዘበኞቹ ደሞዝ በየዓመቱ አዲስ ሳንቲም እየታተመ፣ የድሮው ሳንቲም ውሃ እንደገባበት ወተት ይቀጥናል አለ። "ያንተስ አይታተምም?" አለችው። "ይታተማል፣ ግን..." አለና ስልኩን አወጣ። ስልኩ ላይ መስመር አለ፤ መስመሩ ከላይ ጀምሮ ወደታች ይወርዳል። የኸሊልንም መስመር አሳያት፤ እሱም ይወርዳል። ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት ሁለቱም ሰማይ ነክተው ነበር፤ አሁን ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞሉም። ሪሐና ሁለቱን እያፈራረቀች ብታይ የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋባት። "የወረደ ጊዜ ነው የሚገዛው" አላት ሙሐመድአሚን፤ ኸሊልም ጠዋት ይህንኑ ብሏት ነበር። ሁለቱ ከተስማሙበት ጥቂት ነገር አንዱ ይኸው ነው።

ብቻዋን ስትቀር ከልቧ ልትረዳው ሞከረች። አይገባትም መባሏ አንገብግቧታል፤ ደግሞም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠይቃለች። ከባሏ ጋር ስትፋታ ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ወንድሞቿን ነው፤ አባባ ታመው ድሬዳዋ ይወሰዱ አይወሰዱ ሲባል ሌሊቱን የምታስታምመው እሷ ሆና ሳለ የተመካከሩት ወንዶቹ ናቸው። አሁን ግን ሁለቱም በየተራ ፊቷ ቁጭ ብለው የትኛው ይሻልሻል ይሏታል። ጨርቁ ላይ በሙሐመድአሚን ትንንሽ ሳጥኖች አጠገብ የኸሊልን ትልቅ ግቢ ሣለች፤ ውስጡን ከፋፈለችው። በግቢው የሚኖር ጎረቤት ይረዳዳል፣ ግን ዋናው በር ከተሰበረ ሁሉም ያልቃል። በየቤቱ የሚኖረው ማንንም አይለምንም፣ ግን ደካማው ቤት የተዘረፈ ቀን በእሱ በኩል የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ኸሊል ሌላም ብሏት ነበር፦ የሙሐመድአሚን መንገድ ቆንጆ ነው፣ ግን ሰው ሁሉ በነፃ የሚሄድበትን መንገድ ሳንቲም ይዞ መቀመጥ ምን ያተርፋል? ይህ ልክ መሰላት። ሙሐመድአሚን ስለ ቀጠነው ወተት ያለውም ልክ መሰላት። ሁለቱም ልክ ከሆኑ ሁለቱም ከሳሪ ናቸው ማለት ነው? ወይስ ሁለቱም አትራፊ? እንዲህ ስታወጣ ስታወርድ መቀሱን አንስታ ቆረጠች፤ ቀና ብላ ስታይ ሁለት የግራ እጅጌ ቆርጣለች። በሃያ ሁለት ዓመት የስፌት ዘመኗ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። ጨርቁ የሰው ነው።

እጅጌዎቹን ይዛ እንደቆመች ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችው ለተሥላሴ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ለምሳ ገባች። ለተሥላሴ ከትግራይ መጥታ ጅግጅጋ የከረመች፣ ኪራዩን ያለ ጭቅጭቅ የምትከፍል፣ ቁጥብ ሴት ናት። ሪሐና የሚሰማት ሰው በማግኘቷ ግቢውንም ሐዋላውንም በአንድ ትንፋሽ አወራችላት። ለተሥላሴ ቆማ አዳመጠቻት፤ የገባት ነገር እንደሌለ ፊቷ ይናገራል።

"እኔ እንኳ ይሄን አላውቀውም" አለች በመጨረሻ። "ልጠይቅሽ የመጣሁት ሌላ ነው። መቼ ነው የምወጣልሽ? ክፍል መፈለግ አለብኝ።"

"ከየት ነው የምትወጪው?"

"ከቤቱ ነዋ። አልተሸጠም እንዴ?"

ሪሐና እጅጌዎቹን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ለተሥላሴ ያስቀየመቻት መስሏት ይቅርታ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ሪሐና እዚያው ቆማ ቀረች። ሴትዮዋ "ልታይ" እንደምትመጣ ታውቃለች፤ የቤቱ ገንዘብ፣ የቤቱ ገንዘብ ሲባልም ስንት ቀን ሰምታለች። ግን ቤቱ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ ብሎ ማን ጠየቃት? የአባባ ሰደቃ ቀን ኸሊል አንድ ነገር ብሏት እሺ ማለቷ ትዝ ይላታል፤ ለምኑ እሺ እንዳለች ግን ትዝ አይላትም፤ ያን ቀን ለሁሉም ነገር እሺ ስትል ነው የዋለችው። ስልኳን አነሳችና ለኸሊል ደወለች። ቤቱን እንሸጣለን ብለን መቼ ነው የተነጋገርነው አለችው። "እሱማ ያለቀ ነገር ነው፤ አሁን ጥያቄው የትኛው የሚለው ነው" አላት። "ማን ነው የጨረሰው?" አለችው። "ወሰንሽ?" አላት።

ያኔ ተናደደች፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ሀፍረቱ ባሰባት። ቀኑን ሙሉ ግቢ ይሻላል መንገድ ይሻላል እያለች በሻይና በሳምቡሳ ተታልላ ውላለች። የቆመችበት ክፍል መንገድ ዳር ነው፤ በሩ በር አልነበረም። ባሏን ፈትታ አንድ ሻንጣና አንድ ማሽን ይዛ የመጣች ጊዜ አባባ ምንም ሳይሉ ግንበኛ ጠርተው፣ መስኮቱን እስከ መሬት አስፈርሰው በር አደረጉት። "ደንበኛ በጓሮ አይገባም" ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልወጣቸውም። በዚያ በር ነው ዐሥራ አንድ ዓመት በልታ ያደረችው። ይህን በር በኸሊል መዝገብ ላይ ያሰፍሩት ወይስ በሙሐመድአሚን? እጅጌዎቹን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ለሶላት ውዱእ ልታደርግ ወጣች።

ቤቱን ታያለች የተባለችው ሴትዮ፣ ደሃቦ፣ ከዐስር በኋላ መጣች። ቶጎጫሌ ላይ ፍየል ስትነግድ ጀምራ አሁን በጭነት መኪና ሸቀጥ የምታመላልስ፣ ወፍራም፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ጋርባሳር የሚሉትን የሶማሌ ሰፊ ሻሽ ከራሷ እስከ ወገቧ ለብሳለች። ጣሪያውን አየች፣ ውሃ ልኩን በጫማዋ መታ መታ አደረገች፣ የጓሮው ክፍል በር ላይ ለተሥላሴን ሰላም አለቻት። ሳሎን ገብታ ፍራሹ ላይ ስትቀመጥ ኸሊል ዋጋ ልታወራ አፏን የምትከፍት መስሎት ጠበቀ። እሷ ግን ሹፌሬ በር ላይ ነው፣ ጎረቤት አጥር ላይ ነው፤ ዋጋ ከተሰማ ነገ መቶ ደላላ ይመጣብኛል አለች። በከብት ገበያ እንዳደገችው በእጅ ነው የምትገበያየው፤ ሁለት ሰው በልብስ ሥር ተጨባብጦ ዋጋውን በጣት ይነጋገራል፣ አንድ ጣት መያዝ አንድ ነው፣ ሙሉ እጅ አምስት። ወንድማማቾቹ ተያዩ። የባዕድ ሴት እጅ ሊይዙ አይችሉም። ኸሊል እህቱን ወደ ጓዳ ጠራትና በሹክሹክታ፣ "አባባ አስተምረውሽ የለ? ከሰባት ሚሊዮን እንዳትወርጂ" አላት። ሙሐመድአሚን ከኋላው ብቅ ብሎ፣ "የትኛው እንደሚሻልሽስ?" አላት።

ሪሐና መልስ ሳትሰጥ ሄዳ ደሃቦ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅ ሳለች የአባባን ምሳ ይዛ ከብት ተራ ስትሄድ ጋቢያቸው ሥር እጇን አስገብተው አስተምረዋታል፤ በልብስ ሥር የተባለ ቁጥር ለሦስተኛ ሰው አይወራም፣ አለመስማማትም ነውር አይደለም፣ የሌላውን ጣት አጥፎ መመለስ ብቻ ነው ይሏት ነበር። ደሃቦ ጋርባሳሯን ዘረጋችባት። ሥሩ ሞቃት ነው። የደሃቦ እጅ ሻካራ ነው፣ ከሪሐናም እጅ ይሻክራል። ጣቷን ያዘች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ያዘች። ሪሐና ቆጠረችው፤ ኸሊል ካላት በላይ ነው። ምናልባት ወንድሞቿ ልክ ናቸው፤ ምናልባት ከሁለቱ አንዱ ኔትወርክ ነገ ሰማይ ይነካ ይሆናል፤ እሷ የማይገባትን ነገር እንዳይሆን ማድረጓ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በልቧ ለሁለቱም ልክ ናችሁ ስትል ውላለች፤ አሁንም የትኛው እንደተሳሳተ አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች። የደሃቦን ጣቶች አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

ደሃቦ ፊቷን አየቻትና ደግሞ ጨመረችላት። ሪሐና ይህኛውንም አጥፋ መለሰችላትና እጇን ከሻሹ ሥር አወጣች።

"ሃዬ፣ እሺ" አለች ደሃቦ፣ ጋርባሳሯን እየሰበሰበች። "ጥሩ ቤት ነው ወላሂ። ግን እህታችሁ አልሸጠችም።"

"እኛ እንሸጣለን!" አለ ኸሊል። "ከአምስት አራቱ እጅ የኛ ነው።"

"አውቃለሁ ወንድሜ። የውርስ ቤት አንዷ ሳትፈልግ አልገዛም፤ እኔ ቤት ነው የምፈልገው፣ ሽማግሌ ፊት መመላለስ አልፈልግም። የተስማማችሁ ቀን ደውሉልኝ።" ሪሐናን፣ "ደህና ሁኚ አባዮ" ብላ እንደ እህት ተሰናብታት ወጣች።

ሪሐና ይጮሁብኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር። ኸሊል አልጮኸም፤ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ቁጣም አይመስልም፤ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ግራና ቀኝ ያያል። ሙሐመድአሚን ነው መጀመሪያ አፉን የከፈተው። "ስንት አለች?" አለ። ሪሐና ፍራሹን አስተካከለች። "ከሰባት በላይ ነው? ከስምንት? ቢያንስ እሱን ንገሪን እንጂ!" በልብስ ሥር የተባለ አይወራም አለችው። የአባታቸው ቃል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ነገ ጠዋት ሄዳ ለተበላሸው እጅጌ ጨርቅ መግዛት አለባት። ከመጋረጃው ወዲያ፣ "ያንተ ኔትወርክ ነው ያበላሸው፣ ግራ አጋባሃት" ሲባባሉ ሰማቻቸው። ቀጥሎ ቡታጋዝ ሲለኮስ ሰማች።

ኸሊል ሻይ ይዞ ገባ። እንደ ጠዋቱ ስኳር የበዛበት፣ ወተት የገባበት ነው። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ፤ ሙሐመድአሚንም ከኋላው መጥቶ በሩ ላይ ተደገፈ።

"ሪሐና፣ በአላህ" አለ ኸሊል። "ስንት ነው ያለችሽ?"

"የትኛው ይሻልሻል ስትሉኝ ዋላችሁ አይደል?" አለች። "ያለሁበት ይሻለኛል።"

ወንድማማቾቹ ተያዩ። ሪሐና ሻዩን ሳትቸኩል እስከ ታች ጠጣችው። ከዚያ ብርጭቆውን እግሯ ሥር አስቀመጠችና ወደ ማሽኗ ዞረች።